«ለቢላ ሥራ የተሻሻለ» የሚባለውን የብረት መቁረጫ ባንድሶው ከመግዛታችሁ በፊት

ቤት ውስጥ ቢላ ለምትሠሩ፣ ወይም ልትጀምሩ መሣሪያ እያፈላለጋችሁ ላላችሁ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባ ገበያ ላይ «ለቢላ ሥራ የተሻሻለ» እየተባለ የሚሸጥ የብረት መቁረጫ ባንድሶው (ጫፍና ጫፉ ተበይዶ ቀለበት የሆነ ምላጭ የሚዞርበት መጋዝ) አለ። እባካችሁ አትግዙት። እኔ ገዝቼዋለሁ። 85 ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ፤ ግራ ክንዴ ላይ ደግሞ አምስት ስፌት አለ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። ማሽኑ በተፈጥሮው መጥፎ አይደለም። «4 በ6» የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሚቆርጠው ብረት መጠን በኢንች ነው። በብዙ ስምና በብዙ ቀለም ይሸጣል፤ ውስጡ ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ተኝቶ ዘንግ ይቆርጣል። ሲቆም ደግሞ ትንሽ ጠረጴዛ ይገጠምለትና ብረቱን እያዞራችሁ የቢላውን ቅርጽ ታወጣላችሁ። ባሌስትራ (የመኪና ጠፍጣፋ ሞላ ብረት) በግራይንደር ሲቆርጥ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የእሳት ፍንጣሪ የለም። ጎረቤት አይረበሽም። የብረቱ ጠርዝ አይቃጠልም። እኔም ሁለት ዓመት ከግራይንደር ጋር ከታገልኩ በኋላ ነው ገንዘብ ያጠራቀምኩለት።

ያልተነካካው ማሽን እዚያው ሱቅ 60 ሺህ ብር ነበር። ሻጩ ግን ወደ ሌላው ወሰደኝ። «ወንድሜ፣ ያንን ገዝተህ ደግሞ ለማሻሻያ ልትንከራተት ነው። ይሄኛው አልቆለታል» አለኝ። የ25 ሺህ ብር ልዩነት። በምትኩ ሦስት ነገር ቆጠረልኝ፦ ትልቅ ሞተር፣ ፈጣን ምላጭ፣ ሰፊ ጠረጴዛ። ከዚያ አንድ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ስስ ብረት) አምጥቶ ፊቴ እንደ ጎመን ከተፈው። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

የሞተሩ ነገር ቀላሉ ውሸት ነው። ላዩ ላይ «1.5 የፈረስ ጉልበት» የሚል ተለጣፊ ነበረበት። ቤት ወስጄ ስልጠው ከሥሩ የፋብሪካው ሰሌዳ ወጣ፤ 370 ዋት ይላል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ስለዚህ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ማሽን ግማሽ ይበቃዋል፤ ሥራውን አያጓድልም። ያላገኘሁትን ነገር ግን ከፍዬበታለሁ። ተለጣፊ ካያችሁ ላጡት። ሰሌዳው ተነቅሎ ከጠፋ ጥላችሁ ውጡ።

ዋናው ጉዳት ፍጥነቱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ማሽኑ ከፋብሪካው ሲወጣ ባለ ሦስት ደረጃ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) አለው። ቺንጋውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወራችሁ ፍጥነት ትቀይራላችሁ። በእኛ አገር 50 ኸርዝ መብራት ምላጩ በደቂቃ 20፣ 30 ወይም 50 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቀርፋፋ ይመስላል። ለባሌስትራ ግን የሚያስፈልገው ያ ቀርፋፋው ነው። ጠንካራ ብረት በፍጥነት ሲቆረጥ ጥርሱ ይግላል፤ ከጋለ ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰ አይቆርጥም፣ ዝም ብሎ ይፋጫል። የእኔ ማሽን ላይ የፋብሪካው ፑሌጃ ወጥቶ ነጠላ ትልቅ ፑሌጃ ገብቶበታል። «ፈጣን ምላጭ» ያለኝ ይህንን ነው። ስስ ቱቦላሬ ለስላሳ ብረት ስለሆነ በዚያ ፍጥነት ይቆረጣል፤ ለማሳያ የመረጠውም ለዚህ ነው። ባሌስትራ ላይ ግን የመጀመሪያው ምላጭ አንድ ቢላ ሳያወጣ ጥርሱ ሰማያዊ ሆኖ አለቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

ይህን ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ መለካት ትችላላችሁ። ሜትር እንኳ አያስፈልግም። የዚህ ማሽን ምላጭ ዙሪያው 1638 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ቦታ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉና አስነሡት፤ በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ከዚያ ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ምልክቱ ስንቴ እንዳለፈ ቁጠሩ። በዝቅተኛው ፍጥነት 12 ጊዜ ገደማ ማለፍ አለበት፤ በከፍተኛው 30 ገደማ። የእኔው 59 ጊዜ አለፈ። በደቂቃ 97 ሜትር ማለት ነው፤ ለባሌስትራ ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ያህል!

ሦስተኛው ምላጭ በዚህ ፍጥነት እየሄደ ነው የተበየደበት ቦታ ላይ የተበጠሰው። ማሽኑ ከፋብሪካው ሲወጣ የተበጠሰ ምላጭ የሚይዝ መከለያ ነበረው። እኔ ስገዛው ግን አልነበረም። ሰፊው ጠረጴዛ አላስገባ ስላለው ቆርጠው ጥለውታል። የተበጠሰው ጫፍ ወጥቶ ክንዴን ቀደደው። ፊቴ ላይ ባለመሆኑ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ልጄ ብዙ ጊዜ አጠገቤ ቆማ ታያለች፤ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበረች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገፈግፈኛል።

ጠረጴዛውም ቢሆን ወፍራም ላሜራ ነው፤ ግን የተበየደው ከማሽኑ አካል ጋር ነው። አካሉ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። ጊዛ በተራ ኤሌክትሮድ ዝም ብሎ ሲበየድ ይሰነጠቃል። የእኔው ላይ ስንጥቁ በቀለም ተሸፍኖ ነበር። ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ጠረጴዛው ላይ አቁሙትና ከምላጩ ጋር አስጠጉት። ብርሃን ካሳለፈ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ብየዳው አካባቢ ቀለሙ ከሌላው ቦታ አዲስ ከሆነ ደግሞ በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት።

የማርሹን ሳጥን ክዳን ማስከፈትም አትርሱ። በአራት ቡሎን ብቻ ነው የተያዘው። ዘይቱ ውስጥ ወርቃማ ብናኝ ካለ የነሐሱ ማርሽ እየተበላ ነው። የእኔው ዘይት ሳይሆን ግራሶ ታጭቆበት ነው ያገኘሁት፤ ድምፁን ለመደበቅ ይመስለኛል።

ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሻጩ አላውቅህም አላለኝም፤ «ደረሰኝህን አምጣ» ነው ያለኝ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንስልሃለን» ብሎ ያባበለኝ ራሱ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ያንን መብት ለትንሽ ቅናሽ አሳልፌ ሰጠሁት፤ ለክርክር የምይዘው ወረቀት አጣሁ። እናንተ አትስጡ። ደረሰኙ ላይም «የተሻሻለ» ብቻ ሳይሆን ምን ምኑ እንደተቀየረ ይጻፍላችሁ።

ማሽኑን አልጣልኩትም። ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት የቶርኖ ባለሙያ እንደ ድሮው ባለ ሦስት ደረጃ ፑሌጃ አወጡልኝ። «ልጄ፣ የፋብሪካውን ለምን ጣሉት?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። የተበየደውን ጠረጴዛ አስነሥቼ 8 ሚሊ ላሜራ በቡሎን አሠርኩ። መከለያውን ከላሜራ አስቀጠቀጥኩ። ማርሹን አጥቤ ዘይት ሞላሁት። ይህ ሁሉ 14 ሺህ ብር ፈጀ። አስቡት፤ 60 ሺውን ማሽን ገዝቼ ቢሆን ጠረጴዛ ብቻ ነበር የምጨምርለት።

ምላጭ ላይ ግን አትቆጥቡ። አብሮ የሚመጣው ተራ ካርቦን ብረት ነው፤ ባይሜታል የሚባለውን (ጥርሱ ከጠንካራ፣ ጀርባው ከተጣጣፊ ብረት የተሠራውን) ግዙ። የጥርሱ ብዛት ከብረቱ ውፍረት ጋር ይሂድ፤ ምንጊዜም ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት። ለ6 ሚሊ ባሌስትራ በኢንች 14 ጥርስ ያለው ይሆናል። ለ4 ሚሊ 24 ጥርስ ውሰዱ። ባሌስትራውንም ከመኪና እንደወረደ አትቁረጡት። ማግኔት መያዝ እስኪያቆም አግሉት፣ ትንሽ ጨምሩለት፣ ከዚያ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩትና እስከ ማግስቱ ተዉት። እንዲህ ሲለሰልስ እኔ የአንድ ማእድ ቤት ቢላ ቅርጽ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አወጣለሁ። በአንድ ምላጭ እስካሁን 11 ቢላ ቆርጫለሁ፤ አሁንም እየቆረጠ ነው።

ለማየት ስትሄዱ የራሳችሁን ቁራጭ ባሌስትራ ይዛችሁ ሂዱና እሱን ቁረጡልኝ በሉ። ሻጩ ቱቦላሬ ካነሣ፣ አይሆንም በሉት።

ትናንት በዚያ ሱቅ በኩል አለፍኩ። በር ላይ ሌላ «የተሻሻለ» ቆሟል፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፑሌጃው ነጠላ ነው፣ መከለያም የለውም።