ኤኤም 4 ሶኬት ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ ማዘርቦርዱ ሳይነካ የታደሰ ኮምፒውተር

ርካሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ስንት ኮር እንዳለው፣ በስንት ጊጋኸርዝ እንደሚሠራ። ስለ ሶኬቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) ላይ ስለሚሰካበት ቦታ፣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ጥያቄውን ከሶኬቱ መጀመር አለበት። ፕሮሰሰር ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ሶኬቱ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ የሚኖር ስለሆነ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ምን መግዛት እንደምትችሉ ከወዲሁ ይወስንላችኋል።

የእኔ ማሽን ኤኤም 4 የተባለው የፕሮሰሰር አምራቹ የኤኤምዲ ሶኬትና ቢ450 ቺፕሴት (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ያለው ተራ ማዘርቦርድ ነው። ለዓመታት ያገለገለው በራይዘን 3 2200ጂ ፕሮሰሰር ነበር፤ ራይዘን 5 5600ጂ ከተገጠመለት ደግሞ ወራት ተቆጥረዋል። ራሙ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ዲስኩና ሳጥኑ እንደነበሩ ናቸው።

ለለውጡ ያስገደደኝ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 2200ጂን ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም፤ ስሙ በ2 ቢጀምርም ውስጡ ዜን የተባለው የኤኤምዲ ንድፍ የመጀመሪያ ትውልድ ነውና። (የፕሮሰሰር ስያሜ የሚያወጡ ሰዎች ገዢውን ለማደናገር ተማክረው የሚሠሩ ይመስለኛል።) በሌላ ሶኬት ላይ ብሆን ኖሮ ማዘርቦርድ፣ ምናልባትም ራም ጭምር መግዛት ነበረብኝ። እዚህ ግን አንድ ዕቃ ብቻ ተለወጠና ነገሩ አለቀ።

ኤኤም 4 እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ የራይዘን ፕሮሰሰሮች በማርች 2017 ተከተሉት። ኤኤምዲ ሶኬቱን እስከ 2020 እንደሚደግፍ ቃል ገብቶ ነበር። ያ ዓመት ሲደርስ የዜን 3 ፕሮሰሰሮች (5600ጂም የዚህ ትውልድ ነው) ቢ450 በሚገኝባቸው በ400 ተከታታይ ቺፕሴቶች ላይ አይሠሩም ብሎ አስታወቀ፤ ተጠቃሚው ሲቆጣ ሐሳቡን ቀየረ። ያ ቁጣ ባይኖር የእኔ ቢ450 ዛሬ አሮጌ ብረት ነበር። እንዲያውም በ2022 ትናንሾቹ ኤ320 ቦርዶች ሳይቀሩ ድጋፉ ደረሳቸው። በኢንቴል በኩል ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ኤልጂኤ 1151 የተባለው ሶኬቱ በ2017 የፒኑ ቁጥር ሳይለወጥ አዲሶቹን ፕሮሰሰሮች በአሮጌው ቦርድ ላይ አልቀበልም አለ፤ ኤልጂኤ 1200 ሁለት ትውልድ አገለገለ። ኤልጂኤ 1700 የተሻለ ነው፤ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ ይይዛል፣ ዲዲአር 4 (የቆየውን የራም ዓይነት) የሚቀበሉ ቦርዶችም አሉት።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለባዮስ (ኮምፒውተሩን ለሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) ነው፤ መታደስ ያለበትም አሮጌው ፕሮሰሰር ገና በቦታው ሳለ ነው። አዲሱን ቀድሞ የገጠመ ሰው ጨለማ ስክሪን ላይ ያፈጣል። የብዙ ርካሽ ቦርዶች የባዮስ ቺፕ 16 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ ሁሉንም የፕሮሰሰር ትውልዶች መሸከም ያቅተዋል፤ ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ለአዲሶቹ ቦታ ለመስጠት የጥንቶቹን ድጋፍ ይሰርዛሉ። የማሻሻያውን ማስታወሻ ሳያነቡ ፋይሉን መጫን አይመከርም፤ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ከቆየ ባዮስ ወደ መጨረሻው በቀጥታ መዝለል አይቻልምና በመካከለኛ እትም በኩል ማለፍ ያስፈልጋል።

የሶኬቱ ዋና ጉድለት የሚታየው ማቀዝቀዣውን ስታነሱ ነው። የኤኤም 4 ፕሮሰሰር 1331 ፒኖቹን ከሥሩ ይዞ በሶኬቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቆማል። የጎኑ ማንሻ ሲወርድ ፒኖቹ ይጨመቃሉ እንጂ ከላይ ተጭኖ የሚይዝ የብረት ክዳን የለም። ለዓመታት የደረቀ ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደግሞ እንደ ሙጫ ነው። ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሳበ ሰው ማንሻው እንደተቆለፈ ፕሮሰሰሩን መንግሎ ሊያወጣው፣ ፒኖቹንም ሊያጣምም ይችላል። መፍትሔው ኮምፒውተሩን ከማጥፋት በፊት ከባድ ሥራ ሰጥቶ ማሞቅ፣ ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቶ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። የእኔው መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ፤ ጥቂት እንዳዞርኩት ግን የመላቀቅ ድምፅ አሰማና ለቀቀ፤ ፕሮሰሰሩም በቦታው ቀረ።

አዲሱን ማስገባት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ወርቃማ ሦስት ማዕዘን በሶኬቱ ጥግ ካለችው አቻዋ ጋር ስትገጥም፣ ማንሻውም ሙሉ በሙሉ ከተነሣ፣ ፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል። በጣት መጫን ካስፈለገ አቅጣጫው ተሳስቷል።

ሲበራ ደግሞ ከዊንዶውስ በፊት አንድ ጥቁር ገጽ ሊመጣ ይችላል፤ አዲስ ፕሮሰሰር መገጠሙን ገልጾ በውስጡ ያለው የደኅንነት ቁልፍ ማስቀመጫ ይታደስ እንደሆነ ይጠይቃል። ዲስካችሁን በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከቆለፋችሁ ፕሮሰሰሩን ከመንቀላችሁ በፊት ጥበቃውን ለጊዜው አቁሙ፤ የማስመለሻ ቁልፉንም ከኮምፒውተሩ ውጭ ጻፉት።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች የ65 ዋት ናቸው፤ ፓወር ሰፕላዩ ልዩነቱን አላወቀውም። አራት ኮርና አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) የነበረው ማሽን ስድስት ኮርና 12 ትሬድ ሆነ፤ የሦስተኛው ደረጃ ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማኅደር) ከ4 ወደ 16 ሜጋባይት አደገ። በየዕለቱ የሚሰማኝም ይኸው ነው። ቪዲዮ እየተለወጠ ሳለ ሰነድ መጻፍ፣ አሳሹን በብዙ ገጽ ሞልቶ መሥራት ይቻላል፤ ቀድሞ አንዱ ሌላውን ያንቀው ነበር። አብሮ የሚመጣው ትንሽ ማቀዝቀዣ ግን በከባድ ሥራ ጊዜ ይጮኻል። ሙቀቱ ከተፈቀደው 95 ዲግሪ በታች ቢቆይም ጸጥታ ለሚወድ ሰው ሌላ ማቀዝቀዣ መግዛት ይሻላል።

የውስጥ ግራፊክሱ የስሌት አሃዶች ከ8 ወደ 7 ወርደዋል፤ ፍጥነቱ ግን ከ1100 ወደ 1900 ሜጋኸርዝ ስለጨመረ ውጤቱ ከበፊቱ ይበልጣል። ሁለት ራም ጥንድ ሆነው ካልተሰኩ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ግራፊክሱ የሚበላው ከራሙ ነውና።

ያልወደድኩት ነገር መንገዱ እዚህ ማብቃቱ ነው። ኤኤም 4 አዲሱን የራም ዓይነት ዲዲአር 5ን አያውቅም፤ ቢ450 ደግሞ ግራፊክስ ካርድንና ዲስክን በቆየው የማገናኛ መስመር፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0፣ ይገድባል። ከባዶ ለሚጀምርና ገንዘቡ ለሚፈቅድለት ሰው በ2022 የወጣው ኤኤም 5 ይሻላል፤ ብዙዎቹ የኤኤም 4 ማቀዝቀዣዎችም በእሱ ላይ ይገጥማሉ። ዲዲአር 4 ራም በእጁ ላለው ሰው ግን ኤኤም 4ን አሁንም ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ኤ320ን ግን ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግዙ፤ ኃይል የሚያቀርበው ክፍሉ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፣ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማሠራትም አይፈቅድም።

ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛም ይህ ሶኬት የራሱ ጥቅም አለው። ፒኖቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ ያገለገለ የኤኤም 4 ማዘርቦርድ ከኤልጂኤ ቦርድ ይልቅ ያነሰ ስጋት አለበት፤ በኤልጂኤ ስሶቹ ፒኖች ያሉት በቦርዱ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩን ስትገዙ ግን ገልብጣችሁ ከደማቅ ብርሃን ሥር ከአራቱም ጎን በአግድም ተመልከቱት፤ የፒኖቹ ረድፍ ቀጥ ማለት አለበት። የተጣመመ ፒን ውስጡ ባዶ በሆነ የመካኒካል እርሳስ ጫፍ ቀስ ብሎ ይቃናል፤ የተቆረጠ ካለ ግን ለሻጩ መልሱለት።