ለራስ ፍልጠቴ መላ ላበጀችልኝ ዶክተር

ሰላም እህት ወንድሞቼ። መጋረጃ ዘግቼ፣ ከሥራ ቀርቼ መተኛት ከቀረልኝ ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚመጣ ከባድ ራስ ፍልጠት) ያለበት ሰው ምን እንዳልኩ ገብቶታል።

ሰባት ዓመት ተንከራትቻለሁ። አንዱ ጋ ሳይነስ፣ አንዱ ጋ ታይፎይድ፣ ሌላው ጋ «ጭንቀት ነው፣ ስታገቢ ይለቅሻል» ተባልኩ። (አገባሁ፤ አልለቀቀኝም።) ሲቲ ስካን ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ ያውም በብድር። አንደኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መርፌ አዘዘልኝና «ቀጣይ!» አለ። ስም አላነሳም፤ እግዜር ይይላቸው።

በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ ወደ አንዲት የነርቭ ሐኪም ላከችኝ። «ያመመሽን ቀን በቀይ፣ ማስታገሻ የዋጥሽበትን በሰማያዊ ምልክት አድርጊና ከወር በኋላ ነይ» አለችኝ። ተናደድኩ! ከፍዬ የቤት ሥራ?

ከወር በኋላ የግድግዳ ካላንደሬን ጠቅልዬ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ ጫፍ አብራኝ ቆጠረች። ቀዩ 14፣ ሰማያዊው 19። ለካ ሳያመኝም «እንዳይመጣብኝ» እያልኩ እውጥ ነበር። «እህቴ፣ ማስታገሻው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲዋጥ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል» አለችኝ። ሰባት ዓመት ይህን የነገረኝ የለም። እንባዬ መጣ። እሷ ግን ዓይኔን በእጄ መከለሌን አይታ ኖሯል፤ ምንም ሳትል ተነስታ መብራቱን አጠፋችው። ሌላውን ሁሉ በመስኮት ብርሃን ነው የተነጋገርነው። ይህን መቼም አልረሳውም።

አስም ይኑርብኝ አይኑርብኝ፣ ለመውለድ ማሰብ አለማሰቤን ጠይቃ በየቀኑ የሚዋጥ መከላከያ አዘዘችልኝ። እንዴት እንደሚሠራ አስረድታኛለች፣ አልያዝኩትም። የያዝኩት «ሁለት ወር ሳይሞላ አይሠራም ብለሽ እንዳትጥይው» ያለችኝን ነው። እንቅልፌና ቡናዬ ሰዓታቸውን ጠበቁ። ጾሙን ተዪ አላለችኝም፤ ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባቴን እንዳማክር ነው የነገረችኝ። እናቴ ዕጣኑን በረንዳ እንድታጨስ ማሳመን ግን ከዶክተሯም አቅም በላይ ሆኗል።

ባለፈው ወር ቀዩ 4 ብቻ ነው። ጨርሶ ይጠፋል አላለችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ግን 4!

ዶክተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የምትሰቃዩ ካላችሁ ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ። አድራሻዋን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ካላንደራችሁን ከዛሬ ጀምራችሁ ምልክት አድርጉ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።