ከርዕደ መሬት በኋላ የሕንፃ ፍተሻ አገልግሎት በአዳማ

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው ርዕደ መሬት ንዝረቱ አዳማ ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ በባለ ሁለት ፎቅ ቤታችን ግድግዳ ላይ የታዩትን ስንጥቆች እንዲመረምርልን በከተማው የሚሠራ አንድ የግል የምህንድስና አማካሪ ድርጅት ጠርተን ነበር።

የተላከችው መሐንዲስ በጣም የተሰነጠቀውን ሳሎን አልፋ በቅድሚያ የምድር ቤቱን ኮለኖች (ቋሚ ምሰሶዎች) ማየቷ ሥራዋን እንደምታውቅ ያሳያል። በዚህ ዓይነት ሕንፃ ክብደቱን የሚሸከሙት ኮለንና ቢም (በኮለኖች ላይ የሚያርፈው አግዳሚ) ስለሆኑ፣ መሙያ የሆነው ብሎኬት ከኮለን በሚገናኝበት መስመር ላይ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ጥገና ብቻ ሲፈልግ፣ ኮለንና ቢም በሚጋጠሙበት ቦታ የሚታይ ሰያፍ ስንጥቅ ግን ጠባብ ቢሆንም በቸልታ አይታለፍም። አጠራጣሪ በሆኑት ስንጥቆች ላይ ጄሶ ለጥፋ ቀን ጻፈችበት፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም ማለት ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለውንም ሮቶ ሳትጠይቅ አላለፈችም፤ 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነውና ጥያቄዋ ተገቢ ነበር።

የጽሑፍ ሪፖርቱ ግን የፍተሻውን ያህል አልነበረም። ፎቶዎቹ የየትኛው ክፍል እንደሆኑ አልተገለጸም፤ በሌሎች አገሮች የተለመደው የአረንጓዴ (መግባት ይቻላል)፣ የቢጫ (በገደብ ብቻ) እና የቀይ (አደገኛ ነው፣ አይገባም) ደረጃ ምደባም ሆነ ተመሳሳይ ግልጽ ውሳኔ አልሰፈረበትም። ጄሶውን ተመልሶ ለማየት የሚጠየቀው ክፍያም ለብቻው ስለሆነ፣ ውል ከመፈረም በፊት ይህን ማካተት ይገባል።