ለቆዳ ችግር ከዚራ ያለችውን ሲስተር እዩዋት

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስን ለማመስገን ነው። "ስሜን እንዳትጠሪ" ስላለችኝ አልጠራውም።

እናቴ ክንዷ ላይ ክብ ነገር ወጣባትና ያሳክካት ጀመር። ከአንድ ፋርማሲ ስቴሮይድ (ማሳከክንና መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ክሬም ያለ ማዘዣ ተሸጠላት። ስትቀባው ማሳከኩ ይታገሣል፣ ስትተወው ሰፍቶ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ቅርጹ ጠፍቶ ምንነቱ የማይለይ ሆነ። የቆዳ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ እንዳልወስዳት ጉልበቷ መንገዱን አይችልም።

ክሊኒኩ አዲስ አበባ ካለ የቆዳ ሐኪም ጋር በፎቶ ይሠራል። የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በደንብ አይቶ እንዲወስን የምታደርገው ግን ሲስተር ናት።

እማዬን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻት። ፍላሽ አልተጠቀመችም። የተቀባውን ጠርጋ መጀመሪያ ክንዱ በሙሉ እንዲታይ ከራቅ ብላ አነሳች። ቀጥሎ ከቅርብ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋ። ከዚያ ደግሞ የጠርዙ እብጠት እንዲታይ ከጎን። የደበዘዘውን እያጠፋች እንደገና አነሳች። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም፣ ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል። ስልክ ደግሞ ቀለሙን ያፈካዋል። ስለዚህ በዓይኗ ያየችውን ቀለም ጽፋ ከፎቶው ጋር ላከችው። ጀርባዋን፣ ጥፍሯን፣ የእግር ጣቶቿን መሃል ሳይቀር አየች። እዚያም የተላላጠ ቆዳ አገኘች። ማንም አይቶት አያውቅም ነበር።

እማዬ የሐረር ልጅ ናት። የቢሲዲሞን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ስም እየሰማች ነው ያደገችው፣ ፍርሃቷም እሱ ነበር። ሲስተር ገባት። ጥጥ አነሳችና "እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። የነካሁዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ" አለቻት። እማዬ አንዱንም ሳትስት አሳየች። ሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ ብዙ ጊዜ ስሜቱን እንደሚያጣ የነገረችን ያኔ ነው። ቢሆን እንኳ መድኃኒቱ በነጻ እንደሚሰጥ፣ እንደየዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር እንደሚታከም አስረዳቻት። የእማዬ ፊት ሲፈታ አየሁ። ስሜት መኖር አለመኖሩን በፎቶ ማየት አይቻልም። ሐኪሙ ይህን ያወቀው እሷ ስለጻፈችለት ነው።

የክሬሙን ስምም ከቱቦው ላይ ገልብጣ ነበር። ሐኪሙ ከጠርዙ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ አዘዘ። ፈንገስ ተገኘ። ጭርት ነው፣ ስቴሮይዱ መልኩን ለውጦት ነው እንጂ። ክሬሙ ቆመ፣ የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘ። "መጀመሪያ አካባቢ ማሳከኩ ሊብስ ይችላል፣ ወደዚያ ክሬም እንዳይመለሱ" ብላ አስጠነቀቀቻት። እውነትም ባሰ። እየደወለች አበረታታቻት። አሁን ድኗል፣ ጠቆር ያለው ምልክትም እየለቀቀ ነው።

ፈቃድ ሳትጠይቅ ፎቶ አላነሳችም። የእማዬን ፊት አላስገባችም። በግል ስልኳ ሳይሆን በክሊኒኩ ስልክ ነው የላከችው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲስተር፣ አቦ ይመችሽ! እጅሽ ይባረክ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አቅጣጫውን እልካለሁ። ስትሄዱ ምንም አትቀቡ፣ የምትጠቀሙትን ቅባት ግን ከነቱቦው ያዙ። እጃችሁ ላይ ከሆነ ሂና ከማድረጋችሁ በፊት ሂዱ፣ ቀለሙ ቆዳውን ይሸፍነዋል። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው ካለ አብሮ ይምጣ። ትኩሳት ያለው፣ ፊቱ በድንገት ያበጠ ወይም ቆዳው በፍጥነት የሚላጥ ሰው ግን የፎቶ መልስ አይጠብቅ። ቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ፣ እሷም ወደዚያው ነው የምትልከው።