የታመቀ የአፈር ብሎኬት፦ በደረቁና በእርጥቡ

ለአንድ ትንሽ ቤት ግድግዳ ከአንድ አምራች ሁለት ዓይነት የታመቀ የአፈር ብሎኬት ገዝቼ ነበር፤ አንዱ ከአፈር ብቻ፣ ሌላው 6 በመቶ ያህል ሲሚንቶ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። ሁለቱም ጠርዛቸው ያልተሸራረፈ፣ ገጻቸውም ለስላሳ ስለ ሆነ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ።

ሲሚንቶ የሌለበትን በባልዲ ውሃ ውስጥ ስነክረው ከጠርዙ ጀምሮ እየተፈረፈረ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጭቃ ሆነ። በዚህ አምራቹን መውቀስ አይገባም፤ የአፈር ባሕርይ ነውና። በደረቀ አፈር ውስጥ የሸክላውን ደቃቅ ቅንጣቶች አጥብቆ ከሚይዙት ነገሮች ዋነኛው በመካከላቸው የቀረው ጥቂት ውሃ የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል ነው፤ እርጥበቱ በጨመረ ቁጥር ይህ ኃይል ይላላል፣ ክፍተቶቹ በውሃ ሲሞሉም ይጠፋል። በመሆኑም ዝናብ ሳይነካው፣ አየሩ ለረጅም ጊዜ እርጥበት ቢያዝል ብቻ እንኳ የብሎኬቱ የመሸከም አቅም ይቀንሳል፤ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይጠነክራል።

ሲሚንቶ ያለበት አንድ ቀን ሙሉ ተነክሮ ቅርጹን አልለቀቀም። ሆኖም እንዲህ ያለው ብሎኬትም ሲርስ የደረቅ ጥንካሬውን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው፦ ከብሎኬቱ ጋር የተሰጠኝ ወረቀት የደረቁን ጥንካሬ ብቻ ይጠቅሳል፤ ግድግዳው ከመሬት እርጥበት በሚስብበት ወይም ጣሪያው በሚያፈስበት ቀን የሚያስፈልገኝ ግን የእርጥቡ ልክ ነው።

በአሠራሩ በኩል አምራቹ የሚመሰገን ነው። አፈሩን ከመጭመቁ በፊት በእጁ አድቦልቡሎ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ይጥለዋል፤ ድቡልቡሉ ሳይሰበር ጠፍጠፍ ካለ ውሃው በዝቷል፣ ከተበታተነ አንሷል፣ ወደ ጥቂት ጉማጆች ከተከፈለ ልክ ነው። ይህ ቀላል ፍተሻ ብዙ ያድናል፤ በጣም የደረቀ አፈር በሚገባ አይታመቅም፣ ውሃ የበዛበትም ሲደርቅ ክፍተት ይተዋል፣ ይሰነጠቃልም። የሚያሳዝነው፣ ሲሚንቶ ያለባቸው ብሎኬቶች ከተመረቱ በኋላ ሳይሸፈኑ ፀሐይ ላይ መደርደራቸው ነው። ሲሚንቶ ለመጠንከር እርጥበት ይፈልጋልና ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በፕላስቲክ ተሸፍነው ውሃ ሊረጩ ይገባ ነበር፤ ከላይኛው ረድፍ የተነሡትን ጠርዛቸውን በጥፍሬ መፋቅ ችያለሁ።

ሲሚንቶ የሌለባቸውን ለውስጥ ክፍልፋይ ግድግዳ አውዬ ረክቻለሁ፤ ደግሜም እገዛለሁ። ሲሚንቶ ያለባቸውን ግን ከድንጋይ መሠረቱ በላይ ላሉት የመጀመሪያ ረድፎች ከመጠቀሜ በፊት አንድ በአንድ መርጬ፣ ደካሞቹን ለመመለስ ተገድጃለሁ።