«ከፊት ጥቁር አልለጥፍልዎትም» ላለኝ የአዳማ ልጅ ምስጋና

እንደምን ከረማችሁ ጓደኞቼ። እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ለማማረር ነው፤ ዛሬ ግን የመኪና መብራት የሚያድስና መብራት ላይ ፊልም (ስስ ተለጣፊ ፕላስቲክ) የሚለጥፍ አንድ የአዳማ ልጅ ለማመስገን መጥቻለሁ።

መኪናዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ባለ ሁለት በር ሴሊካ ናት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2006 ማምረቱን ስላቆመ ዕቃዋ እንደ ቪትዝ በየሱቁ አይገኝም። ባለቤቴ «ሦስት ልጅ ይዘህ ባለ ሁለት በር!» እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች፤ መልስ የለኝም። የፊት መብራቷን ያየ ሰው ግን ይረዳኛል። ከፓራውልቱ ተነስቶ በኮፈኑ ጎን ሽቅብ እየሾለ የሚሄድ ረጅም ሦስት ማዕዘን ነው። እሱ ነው በፀሐይ ብዛት እንደ ቅቤ ቢጫ የሆነብኝ።

እኔ ሞኙ ቢጫውን በጥቁር ልደብቀው አሰብኩ። ከውጭ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ጠንካራ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አስመጣሁና አዲስ አበባ አንድ ቦታ በሁለት ፊቱ በሚይዝ ፕላስተር ለጠፉልኝ። ቀን ሲታይ እውነትም ያምር ነበር። ሲመሽ ወደ ወንጂ ስወርድ ሸንኮራ የጫነ ተሳቢ የኋላ መብራት ሳይኖረው ዳር ላይ ቆሟል። ያየሁት ጭራው ስር ደርሼ ነው። እንዴት እንዳመለጥኩ አልነግራችሁም፣ እናቴም ይህን ታነባለች። ይባስ ብሎ በክዳኑና በመብራቱ መካከል የአዳማ አቧራ ገብቶ፣ መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር የመብራቱን ፊት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ከርሟል።

ከዚያ በኋላ ነው ሰው ጠቁሞኝ አዳማ ከፍራንኮ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ወደሚሠራው ወደዚህ ልጅ የሄድኩት። ስሙንም ስልኩንም አትለጥፍብኝ ስላለኝ አልለጥፍም። ክዳኑን ነቅሎ ካየ በኋላ፣ እኔ አሁንም ልቤ ጥቁር ላይ ስለነበር፣ «እሺ ክዳኑ ይቅር፣ ጥቁር ፊልም ለጥፍልኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከፊት ጥቁር አልለጥፍልዎትም።»

«እከፍልሃለሁ እኮ!»

«ብሩ አይደለም። እስኪመሽ ይቆዩና ራስዎ ይዩት።»

ቆየሁ። ሲጨልም መኪናዋን ከግቢው የብሎኬት ግድግዳ አሥር እርምጃ ያህል አርቆ አቆማትና አጭር መብራት አበራ። አንዱ መብራት ላይ ጥቁሩን ፊልም በእጁ ያዘበት። በቀኝ በኩል የብሎኬቱ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። በግራ በኩል ግድግዳው ራሱ የለም። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልከራከር?

የኋላውንም መብራት ማጥቆር ስለፈለግሁ፣ ለእሱ ደግሞ «ነገ በቀትር ይምጡ» አለኝ። ለምን በቀትር? የፊት መብራት የሚፈተነው በጨለማ፣ የፍሬን መብራት ግን በጠራራ ፀሐይ ነው አለኝ። አስቤው አላውቅም ነበር። ከኋላ ስልሳ እርምጃ ያህል አራቀኝና «መብራት ባዩ ቁጥር እጅዎን ያንሱ» ብሎ ገብቶ ፍሬን መርገጥ ጀመረ። ረዳቱ ጥቁረቱ ሳሳ ያለውን ፊልም መብራቱ ላይ ሲይዝ ወዲያው አነሳሁ። መካከለኛው ላይ ተጠራጠርኩ። ጥቁሩ ላይ እጄን አንከርፍፌ ቆሜ ስጠብቅ ከውስጥ «ጋሼ፣ ረግጫለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ በሳቅ ወደቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሳሳውን መረጥን። እሱንም ቢሆን የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራው ቀዩ አንጸባራቂ ላይ አልለጠፈውም፣ ቆርጦ ክፍት ተወው። ሂሳቡን ሲነግረኝ ገባኝ፦ ፊልሙ ከመቶ ሰባውን ብርሃን ቢያሳልፍ፣ አንጸባራቂ ላይ ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም ስለሚቀነስ ተመልሶ የሚወጣው አርባ ዘጠኝ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ሞተሯም መብራቷም ጠፍቶ የቆመች መኪና ያላት ያ አንጸባራቂ ብቻ ነው። የወንጂው ተሳቢ ትዝ አለኝ።

ሥራው ጠዋት ነው። ነፋስ ከመነሳቱ በፊት መሬቱን ውሃ አርከፍክፎ አቧራውን ያስተኛል። ቢጫውን በ800 ቁጥር፣ ከዚያ ይበልጥ በሚለሰልሰው በ1500፣ ከዚያ በ2000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ሲፈትገው የሚወርደው ውሃ እንደ አሬራ ነጭ ነው። መጀመሪያ መብራቱ ጭራሽ ደፍርሶ ስለደነገጥኩ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፤ ስመለስ በኮምፓውንድ (በመወልወያ ቅባት) ተወልውሎ ውስጡ ፊቴን አየሁ። ከዚያ ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ወፍራም ፊልም በሳሙና ውሃ አስተኝቶ፣ በፎን ሙቅ አየር እያሞቀ ከመሃል ወደ ሹል ጫፉ ሳበው። ግማሽ ከለጠፈ በኋላ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ስር አገኘና ሙሉውን ቀዶ ጣለው። «ትንሽ ናት፣ ተዋት» ብለው «እርስዎ አያዩዋትም፣ እኔ ነኝ የማያት» አለኝ። የተጣለውን አላስከፈለኝም።

ከፊት ቀለም መፈለጌ ስላልቀረ አንድ ነገር ፈቀደልኝ፦ ታች ያሉት የጭጋግ መብራቶች ላይ ቢጫ። አባቴ ድሮ የፈረንሳዩን ፔጆ 404 ይነዱ ነበር። ፈረንሳይ አገር እስከ እ.ኤ.አ. 1993 ድረስ የመኪና የፊት መብራት በሕግ ቢጫ ነበር። አሁን ማታ ግቢ ስገባ ያን ቢጫ በሩ ላይ ሳየው የልጅነቴ ሰፈር ይመጣብኛል።

እንከኑንም ልናገር። ቀጠሮ ላይ ደካማ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ብሎኝ ሁለት ተኩል መጣ። የግራው የኋላ መብራት ጥግ ላይ ትንሽ አረፋ ቀርታ ነበር፣ «ፀሐይ ይጨርሳታል» ብሎኝ አላመንኩትም፤ በሳምንቷ ጠፋች። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፍም። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልካለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለምትሄዱት ደግሞ፦ መኪናችሁን አጥባችሁ ሂዱ። አቧራ የለበሰች መኪና አይነካም፣ ወደ ላቫጆ ነው የሚመልሳችሁ። እኔን መልሶኛል።