ከቆርቆሮ ስር ላለ ክፍል ፒቪሲ ወይስ ጂፕሰም ቦርድ?

አዳማ ቤት የሚያድስ ወዳጅ ሁሉ ይሄንኑ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈው። ጣሪያ ስር ያለውን ክፍል መኝታ ቤት ልታደርጉት ከሆነ ለኮርኒሱ ጂፕሰም ቦርድ (በወረቀት የተሸፈነ የጂፕሰም ሰሌዳ) አስገቡ። ፒቪሲውን፣ ማለትም የፕላስቲኩን ኮርኒስ፣ አስገብቼ አይቼዋለሁ።

ያኔ የመረጥኩት በዋጋ ነበር። በካሬ ሲሰላ ረከሰልኝ፤ ስቱኮ የለው፣ ቀለም የለው፣ በሁለት ቀን አለቀ። ከዚያ ሚያዝያ መጣ። የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ፒቪሲ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል። መሃሉ ሆዱን ነፋ፣ መጋጠሚያው ተከፈተ። አንዱን ለመቀየር ከግድግዳው ጀምሮ ተራ በተራ መንቀል ነው፤ ያው ቀለም ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። እሳት ቢነሳም ጭሱ መርዝ ነው። ጂፕሰም ግን በውስጡ ውሃ ስለያዘ እሳት ቶሎ አያልፈውም። ልጆች ለሚተኙበት ክፍል ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ዋጋው። አንዱ ቦርድ 1.20 በ2.40 ነው፣ 2.88 ካሬ። የኔ ክፍል ተዳፋቱንና የጎን ግድግዳውን ጨምሮ 26 ካሬ ወጣ፤ ከብክነቱ ጋር 10 ቦርድ በቃኝ። ሻጩ የሚነግራችሁ የቦርዱን ብቻ ነው። ፕሮፋይል (ቦርዱ የሚታሰርበት የብረት ዘንግ)፣ ቪስ፣ የመጋጠሚያ ቴፕ፣ ስቱኮ፣ ቀለምና የእጅ ዋጋ ደምራችሁ በካሬ አካፍሉት። ከፒቪሲው በለጠ፣ አዎ፤ ግን ፒቪሲው ላይ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ ተነቅሎ ተጥሏል።

ፕሮፋይል ላይ አትቆጥቡ። በአንድ ዘንግ 40 ብር ይቀንሳል ሲሉኝ ስሱን ገዛሁ፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው እጥፍ አለ፣ እያየሁ ከፈልኩ። ባለሙያውም መጋጠሚያውን ያለ ቴፕ በስቱኮ ብቻ ደፈነው። ጣሪያው ቀን ሲግል ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፣ በሦስት ወር ውስጥ በየመጋጠሚያው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ። ተፍቆ፣ ቴፕ ተለጥፎ፣ እንደገና ስቱኮና ቀለም፤ የእጅ ዋጋ ሁለቴ ከፈልኩ። ቦርዱንም ጫፉን በሜትር ለኩት፣ 12 ሚሊ ተብሎ 9 ይሸጣል። ወረቀቱ በጥፍር ከተላቀቀ ተዉት።

ጂፕሰም ውሃ ይፈራል። ክረምት ላይ በአንዲት የሚስማር ቀዳዳ የገባ ጠብታ ቡናማ ክብ ሠራብኝ። ቆርቆሮውን አስደፍኜ፣ የረጠበውን አራት ማዕዘን አስቆርጬ፣ ከተረፈ ቁራጭ አስተካሁት። ለመታጠቢያ ቤት ግን ፒቪሲ ይሁን።

ቦርዱ ብቻውን ሙቀት አያቆምም። ሳይዘጋ በፊት ከላዩ የመስታወት ሱፍ አስደርቡ፣ ከቆርቆሮው ጋር ሳይጣበቅ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉለት። የፕሮፋይሉንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ቦታም ያኔውኑ ፎቶ አንሱ፤ በኋላ መብራት ሲሰቀል የት እንደሚበሳ የምታውቁት በእሱ ነው።